«ኔም» ቢለኝ ስሜን ጻፍኩ

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። በዚህ እትም «የኔ ሐሳብ» የሚለውን ገጽ የመጻፍ ተራ ደርሶኛል። የምጽፈው ስለ እንግሊዝኛ ግራመር ነው። ቆይ፣ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ! እኔም ግራመር የሚል ነገር ሳይ ዘልዬ የማልፍ ልጅ ነበርኩ። አሁን ግን የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም በግራመር የተነሳ መልሱን አብጠርጥሬ የማውቀውን ጥያቄ ዜሮ አግኝቻለሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል የጻፍኩት የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ከፈተናው ልጀምር። እንደምታውቁት እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ ሳይንስ የተማርነው በአማርኛ ነበር። 7ኛ ስንገባ ግን ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆነ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የጄኔራል ሳይንስ ቴስት ተፈተንን። 4ኛው ጥያቄ «ኔም ስሪ ስቴትስ ኦፍ ማተር» ይላል። ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር አለ። እኔ «ኔም» የሚለውን ሳይ ደስ አለኝ። ኔም ማለት ስም ነው፣ ይህንን የማያውቅ የለም። የፈተና ወረቀት አናት ላይ አለ፣ የደብተር ሽፋን ላይ አለ። «ስሪ» ደግሞ ሦስት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር የራሴን ስም፣ በሁለተኛው የአባቴን፣ በሦስተኛው የአያቴን ስም አሳምሬ ጻፍኩ። ሦስት ስም፣ ሦስት መስመር፣ ልክክ አለ። «ከላይ ጽፈን የለ እንዴ፣ ለምን ሁለቴ ያስጽፉናል?» ብዬ ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ግን አለፍኩት።

ወረቀቱ ሲመለስ ከ3 ማርክ ዜሮ። ከጎኔ ያለው ልጅ አየና ጮክ ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አያትህ ጋዝ ናቸው እንዴ?» ያለኝም አለ። አሁን ስጽፈው እኔንም ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ዴስኩ ውስጥ መግባት ነበር ያማረኝ። የሚያናድደው መልሱን ማወቄ ነው። ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ። በእንግሊዝኛም ሶሊድ፣ ሊኩዊድ፣ ጋዝ ብዬ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ጥያቄ ላይ «ኔም» ስም ሳይሆን ግስ መሆኑን።

ይህንን የነገረችኝ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እሷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ «እዚህ ጋ ኔም ማለት እኮ ስማቸውን ጥቀስ ማለት ነው፤ ትእዛዝ ነው፣ ግስ ነው» አለችኝ። በጣም አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ። ልጅቷ ዘንድሮ ነው ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣችው። መስከረም ላይ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ቨርብ ምንድን ነው?» ተብላ ተጠይቃ ነበር። ተነሳችና በአማርኛ «አንድ ሰው ወይም ነገር ምን እንዳደረገ የሚናገር ቃል ነው» አለች። እኛም በአማርኛ መለሰች ብለን ሳቅንባት። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። እኔ እጄን አውጥቼ «ኧ ቨርብ ኢዝ አን አክሽን ወርድ» ብዬ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እሷ እጇን አውጥታ አታውቅም።

እንግዲህ አስቡት። የተጨበጨበልኝ እኔ ግሱን ሳየው አላወቅኩትም። የተሳቀባት እሷ ግን አወቀችው። ታዲያ ማን ነበር ያወቀው? የዛሬው ሐሳቤ ከዚህ ይነሳል። እኔ እንደሚመስለኝ እኛ ፓርትስ ኦፍ ስፒች የምንለውን የቃል ክፍል ትርጉሙን እንሸመድዳለን እንጂ ሥራውን አንማርም። ሥራውን ለማወቅ ደግሞ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ስምና ግስ ይረዳናል። እሱን ግን የእንግሊዝኛ መምህር ሲገባ ከአማርኛ ደብተራችን ጋር ቦርሳ ውስጥ እንከተዋለን።

ታናሽ እህቴ 4ኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ ሳህን እያጠበች «ኧ ናውን ኢዝ ኧ ኔም ኦፍ ኧ ፐርሰን ፕሌስ ኦር ሲንግ» እያለች እንደ መዝሙር ትለዋለች። አንድ ቀን እማዬ «ምንድን ነው እሱ?» አለቻት። «ግራመር ነው» አለች። «ምን ማለት ነው?» ዝም። እኔ «የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ማለት ነው» አልኩ። እማዬም «ታዲያ ስም ነው በይኛ!» አለች። እማዬ የተማረችው እስከ 5ኛ ክፍል ነው፤ ግን በአንድ ቃል ጨረሰችው። እህቴም «እንዴ፣ ናውን ማለት ስም ነው?» ብላ ሳህኑን ይዛ ቆመች። አንድ ዓመት ሙሉ ስትዘምረው የቆየችው ነገር ምን እንደሆነ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ስሞቹን ራሳቸውን መመርመር ጀመርኩ። ላይብረሪ ገብቼ መዝገበ ቃላት አየሁ፣ የአማርኛ መምህራችንንም ጠየቅኳቸው። በጣም የገረመኝ የሁለቱ ቋንቋ ስያሜዎች መመሳሰላቸው ነው። ናውን የሚለው ቃል መነሻው «ኖመን» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ስም ነው። ፕሮናውን ሲከፈል «ፕሮ» እና «ናውን» ነው፤ በስም ፈንታ የሚገባ ማለት ነው። የእኛም ተውላጠ ስም ያው ነው፤ በግእዝ ተውላጥ ማለት ለውጥ፣ ምትክ ማለት ነው። አድቨርብን እዩት ደግሞ። ቨርብ የሚለው ቃል ውስጡ አለ፤ በቨርብ ላይ የሚጨመር ማለት ነው። ተውሳከ ግስ ውስጥም ግስ አለ። ተውሳክ ደግሞ ጭማሪ ነው። በግስ ላይ የሚጨመር! ቁርጥ አንድ ናቸው። እኔ አድቨርብንና ተውሳከ ግስን ሁለት የተለያዩ ከባድ ትምህርቶች አድርጌ ነበር የማጠናው።

አንድ ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው «መስተዋድድ እኮ ከፕሪፖዚሽን ይብሳል፣ እሱም ራሱ አማርኛ አይመስልም» አለኝ። እውነቱን ነው። እነዚህ የሰዋስው ስያሜዎች ብዙዎቹ ከግእዝ የመጡ ናቸው። ነገር ግን የእንግሊዝኛዎቹም ከላቲን የመጡ ናቸው። የእንግሊዝ አገር ልጅም ፕሪፖዚሽን ሲባል መጀመሪያ ሰው ሊያስረዳው ይገባል። ስለዚህ ከባድ ስም በእኛ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። ስሙ ከባድ ሲሆን ፈትቶ የሚያሳይ መምህር ያስፈልጋል፣ የማይፈታ ከሆነ ግን ሽምደዳ ይሆናል።

አሁን ደግሞ እነዚህን ነገሮች ማወቅ ምን ይጠቅማል ለምትሉ ሰዎች ልመልስ። ስህተታችን ከየት እንደሚመጣ ያሳየናል። አራት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛ፣ የግስ ቦታ። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ልጁ ዳቦ ገዛ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ መሐል ይገባል። «ዘ ቦይ ቦት ብሬድ» ይባላል። ልጁ፣ ገዛ፣ ዳቦ እንደማለት ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደለም። ክፍላችን ውስጥ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ በእነሱም ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚውለው። ትእዛዝ ሲሆን ደግሞ የእንግሊዝኛው ግስ ጭራሽ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። «ውሃውን አሙቅ» ለማለት «ሂት ዘ ዋተር» ነው። እንግዲህ የፈተና ትእዛዝ ሁሉ እንዲህ ነው። «ኔም» ጥቀስ፣ «ሊስት» ዘርዝር፣ «ድሮው» ሣል፣ «ሜዠር» ለካ። መጀመሪያ ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ቃል ስታዩ «ይህ ግስ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ብጠይቅ ኖሮ አያቴን ፈተና ውስጥ አላስገባቸውም ነበር።

ሁለተኛ፣ ተውላጠ ስም። እኛ «በላሁ» ስንል ማን እንደበላ ግሱ ውስጥ ስላለ «እኔ» ማለት ግዴታ አይደለም። «በላች» ስንል ሴት መሆኗ ይታወቃል። በእንግሊዝኛ ግን «ኤት» ብቻ ብንል ማን እንደበላ አይታወቅም፤ «አይ ኤት»፣ «ሺ ኤት» ማለት አለብን። ለዚህ ነው ብዙ ልጅ ዝናቡን ለመናገር «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ የሚጽፈው፤ በአማርኛ «እየዘነበ ነው» ብለን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ግን ፊት ለፊቱ «ኢት» የሚል ተውላጠ ስም ይፈልጋል። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ነው ትክክሉ።

ሦስተኛ፣ መስተዋድድ። በእንግሊዝኛ ከስሙ ተለይቶ ከፊቱ ይቆማል። «ኢን ጎንደር»፣ «ፍሮም ጎንደር» ይባላል። በአማርኛ ከስሙ ጋር ይጣበቃል፦ «በጎንደር»፣ «ከጎንደር»። አንዳንዱ ደግሞ ከኋላ ይመጣል። «ጠረጴዛ ላይ» እንላለን፤ እነሱ «ኦን ዘ ቴብል» ይላሉ። «ላይ» የሚለው ከፊት ወጣ ማለት ነው። ይህንን ያልተነገረው ልጅ «ቴብል ኦን» ብሎ ቢጽፍ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በአማርኛ በትክክል ስላሰበ ነው።

አራተኛው ዋናው ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል መልኩን ሳይቀይር ሁለት ሥራ ይሠራል። «ዋተር» ውሃ ነው፣ ስም ነው። «አይ ድሪንክ ዋተር» ስንል ውሃ እጠጣለሁ ማለት ነው። «አይ ዋተር ዘ ፍላወርስ» ስንል ግን አበቦቹን ውሃ አጠጣለሁ ማለት ነው፤ ዋተር ግስ ሆነ። የሳይንስ መጽሐፋችን ላይ ያለው «ሂት»ም እንዲሁ ነው። አንድ ቦታ ሙቀት ነው፣ ሌላ ቦታ አሙቅ ነው። በአማርኛ ሙቀት እና አሙቅ ቅርጻቸው ስለሚለያይ አንሳሳትም። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉን ብቻ አይቶ ስም ነው፣ ግስ ነው ማለት አይቻልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ መታየት አለበት። እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ ጠዋት ሾፌር ናቸው፣ ማታ የእድር ጸሐፊ ናቸው። ሰውየው ያው ናቸው፣ ሥራቸው ነው የተለየው። ቃልም እንደዚያ ነው።

የሸመደድነው ትርጉም እዚህ ላይ አያድነንም። እንዲያውም ያሳስታል። «ቨርብ ድርጊት ነው» ብለን ብቻ ከያዝን «ዘ ስካይ ኢዝ ብሉ» የሚለው ውስጥ ግሱ የቱ ነው? ሰማይ ምንም አላደረገም። ግሱ «ኢዝ» ነው፤ በአማርኛ «ነው» የምንለው። ክላስ ወርክ ላይ ይህ ሲመጣ ከግማሽ በላይ የሆንነው «ብሉ»ን አክብበናል። ብሉ ግን ሰማያዊ ነው፣ ቅጽል ነው።

አንዳንድ መምህራን «የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆን አለበት፤ ከዚህ ውጪ የት ትሰሙታላችሁ?» ይሉናል። ይህ ሐሳብ ልክ ነው። እኔም ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ከትምህርት ቤት ውጪ እንግሊዝኛ የሚያናግረን የለም፤ ሰፈር ውስጥ ብንሞክር «ፈረንጅ ሆንሽ፣ ሆንክ» ነው የሚሉን። ስለዚህ ክፍለ ጊዜው በሙሉ ወደ አማርኛ ይተርጎም አላልኩም። እንደዚያ ከሆነ እንግሊዝኛ ሳንሰማ 8ኛ ክፍል ደርሰን ሚኒስትሪ እንፈተናለን፤ ይህ የባሰ ነው። እኔ የምለው አዲስ ስያሜ በሚመጣበት ቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ይሰጠን ነው። «አድቨርብ ማለት ያ በአማርኛ የምታውቁት ተውሳከ ግስ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው» ይባል። ከዚያ በኋላ 35ቱን ደቂቃ በእንግሊዝኛ እናውራ፣ እንጻፍ፣ እንሳሳት። ምን እንደሆነ ያወቅነውን ነገር በእንግሊዝኛ ስንሰማው ይገባናል። ያላወቅነውን ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ብንሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንድ፣ ከዚህ በታች ያለው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የክበባችን ልጆች በፍሊፕ ቻርት እንጽፈዋለን፤ ወረቀትና ማርከር ብቻ ይሰጠን።

ናውን፦ ስም። «ቡክ» መጽሐፍ።
ፕሮናውን፦ ተውላጠ ስም። «ሺ» እሷ፣ «ዘይ» እነሱ።
ቨርብ፦ ግስ። «ስሊፕ» መተኛት፣ «ኢዝ» ነው።
አጀክቲቭ፦ ቅጽል። «ቶል» ረጅም።
አድቨርብ፦ ተውሳከ ግስ። «ኩዊክሊ» ቶሎ።
ፕሪፖዚሽን፦ መስተዋድድ። «ፍሮም» ከ፣ «ኦን» ላይ።
ኮንጃንክሽን፦ መስተጻምር። «በት» ግን፣ «ኦር» ወይም።
ኢንተርጀክሽን፦ ቃለ አጋኖ። «ኦህ!» ወይኔ!

እነዚህ 8 ናቸው። አንዳንድ መጽሐፍ «ዘ» እና «ኧ» የመሳሰሉትን ለብቻ ቆጥሮ 9 ያደርጋቸዋል። በቁጥሩ አትጨነቁ፤ ዋናው ሥራቸው ነው።

ሁለት፣ በክላስ ወርክና በቴስት ላይ «ናውን ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ ዓረፍተ ነገር ይሰጠንና «እዚህ ውስጥ ይህ ቃል ምን እየሠራ ነው?» ተብለን እንጠየቅ። ለመሸምደድ አይመችም፤ ለዚህ ነው የምፈልገው። የሳይንስና የሒሳብ መምህሮቻችንም ከፈተና በፊት የትእዛዝ ግሶቹን ቢነግሩን ጥሩ ነው። ሳይንስ ፈተና ላይ ሳይንስ ሳናውቅ ብንወድቅ ይገባናል። ሳይንሱን እያወቅን በአንድ ግስ መውደቅ ግን ያሳዝናል።

ሦስት፣ ይህ ለመምህራን ሳይሆን ለእኛ ነው። አንስቅ። አንድ ልጅ ተነስቶ ሲሳሳት ወይም በአማርኛ ሲመልስ ስንስቅ፣ የምናስቀረው ስህተቱን ሳይሆን እጁን ነው። ሁለተኛ አያወጣውም። እኔ ስቄአለሁ፣ ተስቆብኛልም፤ ሁለቱንም ስለማውቀው ነው የምናገረው። ያቺን ልጅ ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «እሺ፣ ግን ሒሳብ ታስረዳኛለህ» አለችኝ። ተስማማን። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ዓረፍተ ነገር ትሰጠኛለች፣ እኔ ግሱን እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ፍራክሽን እንሠራለን። ሰኞ ዕለት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጇን አወጣች። መልሷ ግማሹ ትክክል ነበር፣ ግማሹ ስህተት። ማንም አልሳቀም። መምህራችንም ስህተቱን አርመው አስቀጠሏት።

በሁለተኛው ቴስት ላይ «ኔም ቱ ሶርስስ ኦፍ ላይት» የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለት የብርሃን ምንጭ ጥቀስ ማለት ነው። ፀሐይና ሻማ ብዬ ጻፍኩ፤ 2 ከ2 አገኘሁ። የራሴን ስም ደግሞ ከላይ፣ በቦታው ጻፍኩት።

አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይ «አልስማማም» የምትሉ መምህራንና ተማሪዎች፣ ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው መልካም ጥናት!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል
የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል